ጥያቄ ቁጥር አሥራ ሰባት

ዶክተር መክብብ መጡ፣ ክራቫት አሳምረው፣
የአልዩ አምባን እምነት፣ ሊሄዱ ደምረው።
እኔ የዚያው ቀዬ ልጅ፣ የቀበሌው ጸሐፊ፣
በቀን አበል ሆንኩኝ፣ ሰው ጠሪ፣ ቃል አሳላፊ።
እሳቸው «መቻቻል» ሲሉ፣ «ዕሴት»፣ «አመለካከት»፣
እኔ እተረጉማለሁ፦ «እንዴት ነው ኑሮ ከጎረቤት?»

ሠላሳ ጥያቄ፣ በሦስት ዓምድ የታጠረ፤
«መልካም»፣ «መካከለኛ»፣ «መጥፎ» እየተባለ የሚቆጠረ፤
ከዳር አንዲት ጠባብ ቦታ፣ «ሌላ» የምትል፣
አንድ ቃል ቢጽፉባት፣ ግማሹ ውጭ የሚንጠለጠል።

ከአንኮበር ቁልቁል ስንመጣ፣ ጉልበታቸው እየራደ፣
አስረዱኝ ሳይንሱን፣ ላባቸው እየወረደ፦
«ሰላም ስንት ግራም፣ ጥላቻ ስንት ኪሎ፣
ለጉባኤ ይቀርባል፣ በቀለም ተከፍሎ።»

ፈራጅ ሊቃውንትማ፣ ለእኛም ነበሩ፤
መሪጌታ ስሙር፣ መስጊድ ያለውን ሁሉ ከጠፋው በግ ቆጠሩ፤
ሸህ አወልም እኛን፣ ኪታባቸውን ገልጠው፣
ከከሳሪው ተርታ፣ አለፉ አስቀምጠው።
ሌሊት ግን ሸሁን፣ ጥርሳቸው ሲያማቸው፣
መሪጌታ ናቸው፣ ሥር ቀጥቅጠው የሰጧቸው፤
«ከከሳሪ መድኃኒት ይወሰዳል?» እያሉ፣ እየቀለዱባቸው።

ገበያው ሞልቷል። ማሽላው ከቆላ፣ ባቄላው ከደጋ፣
ግመሉም አህያውም፣ አንድ ግራር ስር ተጠጋ።
ወይዘሮ ሙሉሸዋ፣ በርበሬ ይቸረችራሉ፤
ግማሽ ኪሎ ብረታቸው፣ አምና ጠፋ ይላሉ፤
ምትኩ ድንጋይ ነው፣ ከወንዝ የተለቀመ፣
በሀጂ ጡሃ ሱቅ፣ ሚዛን ላይ የቆመ።
«ልክ ነው» ብለዋል ሀጂ፤ እዚያው ላይ አለቀ፤
ከዚያ ወዲህ ማንም፣ ድንጋዩን አልጠየቀ።

ጥያቄ ቁጥር አሥራ ሰባት፦ «የሌላ እምነት ተከታይ
ያረደውን ይበላሉ?» ወይዘሮዋ ቀና አሉ ወደ ላይ፤
«በስመ አብ!» ብለው አማተቡ፣ በርበሬ ባቀላው እጅ፤
ሀጂም «አዑዙ ቢላህ!» አሉ፣ ብቅ ብለው ከሱቃቸው ደጅ።
ዶክተሩ ሁለት ጊዜ፣ «መጥፎ» ላይ ምልክት አኖሩ፤
«ጉልህ መገለል» ብለው፣ ከስሩም አሰመሩ።

እኔን ትዝ ያለኝ ግን፣ በሰርጌ የታሰረው በግ፣
ከሌሎቹ ተለይቶ፣ ከጓሮ ጥግ፤
አባቴ ገመዱን፣ ከነቢላዋው አንስተው፣
«በእጃችሁ ባርኩት» አሉ፣ ለሀጂ ሰጥተው፤
አዲስ ድስት፣ አዲስ ጭልፋ፣ ምድጃውም ለብቻ፤
ለቅጹ ግን «አልበላም» ሲባል፣ የሚታየው ጥላቻ።

ደግሞ ልዋሽ አልችል፤ ያ ዘመን ነበረ፣
በመቃብር ወሰን፣ ዱላ የተሰበረ፤
የሀጂ ልጅና አጎቴ፣ ደም የተቃቡበት፣
መሪጌታውም ሸሁም፣ ጥቅስ የመዘዙበት፣
ሦስት ሳምንት ገበያ፣ ሳይቆም የቀረበት።
ያስታረቀን ማን ነው? ሽማግሌ አይደለም፤
የመጣውን ሁሉ፣ ሰሚ አልነበረም፤
የሐምሌ ጎርፍ መጣ፣ አጥንቱን ቀላቅሎ፣
ቆላ ይዞት ወረደ፣ «የማነህ» ሳይል፣ ጠቅልሎ።
ለዚህ ዓምድ ስፈልግ፣ «ሌላ» በሚለው ጠባብ ቦታ
«ጎርፍ» ብዬ ጻፍኩ። ዶክተሩ ሰረዙት፣ በእርጋታ።

ማምሻውን ግማሽ ኪሎ በርበሬ፣ ገዙ ለቤታቸው፤
ድንጋዩን አገላብጠው አዩት፤ አልተፈታም ግንባራቸው።
በሳልስቱ ደወሉ፣ ከደብረ ብርሃን ሆነው፣
በዲጂታል ሚዛን፣ በርበሬውን መዝነው፦
«ሠላሳ ግራም ይተርፋል» አሉ፤ «ስህተት አለው ድንጋዩ።»
ሌላ ነገር ሊሉ ፈልገው፣ ዝም ብለው ቆዩ።

ለሙሉሸዋ ነገርኳቸው። ሳቁ፣ ቁናውን እየሞሉ፦
«መትረፉንስ አውቃለሁ፤ ሀጂም ያውቃሉ» አሉ።

ሪፖርቱ ታትሞ መጣ፣ በመስከረም መባቻ፤
አልዩ አምባ፦ «መካከለኛ»።
አንድ ቃል ብቻ።